አፍ መፍቻ

ማክሰኞ ነበረ። የትሪየስቴ ነፋስ፣ ቦራ፣ ያፏጫል፤
መስኮት ይነቀንቃል፣ በር ያንኳኳል።
ኔሪና ሾርባ እያማሰለች፣
«ሊቪዮ፣ ያንን…» አለች፤
ያንን ምን እንደሆነ ሳትለኝ ቀረች።
ማንኪያው ከቀኝ እጇ ወደቀ፣
ግማሽ ፊቷ ከግማሹ ራቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በወደብ ሬዲዮ
ጉም የዋጠውን መርከብ በስሙ ጠርታ፣
«ግራህን ያዝ፣ ቀስ» ብላ
ስንቱን አስገብታለች በጨለማ፣ በማታ!
ያቺው ሴት ናት ዛሬ
ነርሷ ኩባያ አንስታ «ይህስ?» ስትላት
«ማክሰኞ» የምትል።
መነጽሩም ማክሰኞ። ትራሱም ማክሰኞ።
እኔም፣ የአርባ አራት ዓመት ባሏ፣ ማክሰኞ።

ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለች፤
«ምስር የምታህል የረጋች ደም» አለች፣
«በግራ በኩል አንዷን ስር ደፈነች።
ቃሎቿ አልሞቱም፤ መንገዱ ነው የፈረሰው።»
የትራም ፍሬን ጠጋኝ ነበርኩና ይሄ ይገባኛል፦
ሐዲድ ሲቆረጥ ፉርጎው ደህና ነው፣
ተሳፋሪውም ደህና፤
መድረስ ነው የሚጠፋው።

አንድ ብለው ቢጀምሩላት እስከ ሃያ ትዘልቃለች፤
ከሰባት ጀምሪ ሲሏት ትቆማለች።
እርግማን እንደ ውሃ ይፈስላታል፣
ስሜ ግን ጥርሷ ሥር ይሰበራል።
ጎረቤት መጥቶ እንደ ሕፃን፣ እንደ ደንቆሮ ይጮኽባታል፤
እሷ ዝም ብላ ካርታ ታድላለች፣ ትረታዋለች፤
ነጥቡን ደምሪ ሲላት ነው
ቁጥሩ መሐል መንገድ የሚጠፋባት።

ከጎኗ የተኛው ዱይሊዮ፣ ዓሣ ነጋዴው፣
በዚያው ሳምንት ነበር በሽታው የጣለው።
እሱስ ቃል ሞልቶታል፤ እንደ አሸንዳ ይወርዳል፣
ፍሬ ግን የለውም፤ የሚሉትንም አይሰማ።
ይኸው በሁለት ወሩ ገበያ ቆሟል፣
ሰርዲኑን ከነዋጋው ይጠራል።
«ለምን እሱ?» አልኳት ሐኪሟን። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።
«ቦታው» አለች፣ «ስፋቱ፣ የደረሰበት ሰዓት፣
ዕድሜ፣ ልምምድ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጭንቅላት…»
ጣቶቿ አለቁባት።
«የቀረውን አላውቅም» ብላ እጇን ኪሷ ከተተች።
ከዚያን ቀን ጀምሮ አመንኳት።

በዘጠነኛው ሳምንት፣ ወደ ውጭ እያየች፣
«ኦክኖ» አለች።
እንደገና ስባሪ ድምፅ መሰለኝ።
ጽዳት ሠራተኛዋ ዝዴንካ መወልወያዋን አቁማ
«መስኮት ነው ያለችው» አለችኝ፣ «በስሎቬንኛ።»

ስሎቬንኛ! አርባ አራት ዓመት ባንድ ጣሪያ
አንድ ቀን ሰምቼባት አላውቅም።
ከካርስት ኮረብታ፣ ከድንጋይ ቤቶች መንደር መምጣቷን እንጂ፣
አውቶቡስ ውስጥ «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል» ተብላ
ያንን ቋንቋ ከነነፍሱ እንደዋጠችው ማን ነገረኝ?
አፍ መፍቻ ይሉታል፣ ከእናት የወረሱትን።
ስም አውጪው የታሰረ አፍ አይቶ ይሆን?

አሁን በሰባ ሦስት ዓመቴ የሕፃናት መጽሐፍ ገዝቻለሁ።
ክሩህ፣ ዳቦ። ቮዳ፣ ውሃ።
ስሳሳት በግራ እጇ ጠረጴዛ ትመታለች፣
ትስቅብኛለች፣ ታርመኛለች።
ጣልያንኛው ይመለስ አይመለስ፣ እንጃ፤
ቀኝ እጇም ለራሷ ገና እንግዳ ነው።

ትናንት ማታ ካልጋዋ፣ ጥርት አድርጋ፣
«ቶሬክ» አለችኝ።
መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤
ማክሰኞ።
«አቤት» አልኳት።